ያበጠ የፈረስ እግር ሁሉ አንድ መድኃኒት የለውም፦ ከስልክ ወደ ስልክ ለሚዘዋወረው ምክር የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን በደሴና በኮምቦልቻ ባለጋሪዎች ዘንድ ከስልክ ወደ ስልክ ሲተላለፍ የሰነበተ አንድ ረዘም ያለ ጽሑፍ አለ። የሚናገረው መገጣጠሚያው ያበጠ ፈረስን ባለቤቱ ራሱ እቤቱ እንዴት እንደሚያድነው ነው። የምሠራው በኮምቦልቻና በአካባቢው በእንስሳት ጤና ሙያ ነው። ጽሑፉን መጀመሪያ ያየሁት ፈረሱን ሊያሳየኝ በመጣ አንድ ባለጋሪ ስልክ ላይ ሲሆን፣ ሰውየው ያነበበውን አምኖ፣ የተባለውን ሁሉ በቅደም ተከተል አድርጎ፣ ፈረሱ ከቀን ወደ ቀን ሲብስበት ነበር የመጣው። ከዚያ ወዲህም ይኸው ምክር ከሌሎች አፍ ቃል በቃል ሲደገም ሰምቻለሁና ዝም ማለት አልቻልኩም።

የጽሑፉን አሳብ ሳላዛባ ባጭሩ ላስቀምጥ። የፈረስ መገጣጠሚያ የሚያብጠው ብርድ ስለሚመታው ነው ይላል፤ ስለዚህም መድኃኒቱ ማሞቅ ነው፤ የጋለ ጨው፣ የፈላ ውሃ፣ ካስፈለገም ላምባና የተቃጠለ የመኪና ዘይት። ያበጠ ፈረስ ከቆመ እግሩ ይደርቃልና ሥራ ማቆም የለበትም። እብጠቱ በሳምንት ካልጎደለ ውስጡ ክፉ ውሃ ቋጥሯል ማለት ስለሆነ በምላጭ ተበጥቶ ይፍሰስ፣ ዙሪያውም በጋለ ብረት ይተኮስ። ሕመሙ ከጠና ከመድኃኒት ቤት የሚገዛ የማስታገሻ መርፌ ያነሣዋል። ሰኮና ከመገጣጠሚያ እብጠት ጋር አይገናኝም። ይህ ሁሉ ተደርጎለት ያልዳነ ፈረስ ደግሞ አብቅቶለታልና ገለባ ከማባከን መልቀቅ ይሻላል።

ጸሐፊው ይህን የጻፉት በበጎ አሳብ መሆኑን አልጠራጠርም። ፈረሱ አንድ ቀን ሲቆም የቤቱ ምጣድ አብሮ የሚቆምበትን ሰው ችግር ያውቁታል። የእንስሳት ሐኪም በሁሉም ቀበሌ እንደማይገኝ፣ ሲገኝም መድኃኒቱ እጁ ላይ እንደማይኖር የጻፉት እውነት ነው፤ እኔም በየቀኑ የማየው ነው። ስለዚህ “ሐኪም ዘንድ ውሰዱት” ብሎ ብቻ መመለስ መልስ እንደማይሆን እስማማለሁ፤ ከዚህ በታችም ባለቤቱ በእጁ ሊያደርገው የሚችለውን ነገር ሁሉ ለማሳየት እሞክራለሁ።

የጽሑፉ ስሕተት ከመነሻው ይጀምራል። እብጠት ምልክት እንጂ ራሱን የቻለ በሽታ አይደለም። የፈረስ መገጣጠሚያ ጫፋቸው በልም አጥንት የተሸፈነ አጥንቶች የሚገናኙበት፣ ዙሪያውን በጠንካራ ሽፋን የታጠረ፣ ውስጡም ልም አጥንቱን የሚመግብና የሚያለሰልስ ፈሳሽ የያዘ ክፍል ነው። ይህ ክፍል ሲጎዳ ፈሳሹን ያበዛል፤ እብጠቱም ይታያል። ያበዛበት ምክንያት ግን ወለምታ ሊሆን ይችላል፤ በዕድሜና በጭነት ብዛት የመጣ የልም አጥንት መበላት ሊሆን ይችላል፤ በቁስል በኩል የገባ ባክቴሪያ ሊሆን ይችላል። አንዳንዴም እብጠቱ ጨርሶ የመገጣጠሚያው አይደለም፤ ከአጠገቡ የሚያልፈው ጅማት ተበጥሶ፣ ከሰኮና ውስጥ የተነሣ መግል ወደ ላይ ወጥቶ፣ ወይም ፈረሱ ሌሊቱን ታስሮ በመቆሙ ፈሳሽ ወደ እግሩ ወርዶ ሊሆን ይችላል። ከነዚህ ለአንዱ የሚበጀው ሌላውን ይገድላል።

ለይቶ ማወቁ ደግሞ መሣሪያ የሚጠይቅ አይደለም። ፈረሱን ደልዳላ መሬት ላይ አቁሙትና ከፊት ለፊትና ከኋላ ሆናችሁ ሁለቱን እግሮች አስተያዩ። የእጃችሁን ጀርባ እብጠቱ ላይ፣ ከዚያም በጤነኛው እግር ተመሳሳይ ቦታ ላይ አድርጉ፤ ከመዳፍ ይልቅ የእጅ ጀርባ ሙቀትን ለይቶ ያውቃል። በአውራ ጣት ጫን ብላችሁ ልቀቁት፤ ጉድጓድ ሆኖ ከቀረ ፈሳሹ ከቆዳ ሥር ነው፤ በአንድ በኩል ሲጫኑት በሌላው በኩል ብቅ የሚል ከሆነ ፈሳሹ መገጣጠሚያው ውስጥ ነው። ፈረሱ እግሩን መሬት ላይ ሙሉ በሙሉ ያሳርፋል ወይስ የሰኮናውን ጫፍ ብቻ ያስነካል? እብጠቱ አካባቢ፣ ጠጉሩን ገልጣችሁ ስታዩ፣ ትንሽም ብትሆን ቁስል አለች? ቴርሞሜትር ያለው ሰው በፊንጢጣ በኩል ይለካው፤ የጤነኛ ፈረስ ሙቀት ከ37.5 እስከ 38.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። ይህ ሁሉ ከሩብ ሰዓት አይበልጥም፤ ጽሑፉ ግን ከዚህ አንዱንም ሳይጠይቅ በቀጥታ ወደ ጨውና ወደ ብረት ይሄዳል።

ብርዱን በተመለከተ፣ ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ግድም ላይ በጦሳ ተራራ ሥር የተቀመጠች ብርዳማ ከተማ ስለሆነች ምክንያቱ ለጆሮ እውነት ይመስላል። ይሁን እንጂ መገጣጠሚያን የሚያሳብጠው ብርድ ቢሆን ኖሮ እብጠቱ ከፍታን ተከትሎ መሄድ ነበረበት። በለጋምቦ ደጋ፣ ከ3,000 ሜትር በላይ፣ ውርጭ እየወረደባቸው የሚያድሩት ፈረሶች ሁሉ እግራቸው ባበጠ፣ በ1,850 ሜትር ግድም የምትገኘው የኮምቦልቻ ፈረሶች ደግሞ ከነገሩ ነጻ በሆኑ ነበር። እኔ ዘንድ ቁርጭምጭሚታቸውና ቋንጃቸው አብጦ የሚመጡት ግን የኮምቦልቻ የጋሪ ፈረሶች ናቸው። የምሠራው ኮምቦልቻ ስለሆነ እነርሱን ማየቴ አይደንቅም የሚል ቢኖር ትክክል ነው፤ ቢሆንም ምክንያቱ ብርድ ብቻ ቢሆን እነዚህ ፈረሶች ጨርሶ መኖር አልነበረባቸውም። የሚያመሳስላቸው ነገር ቀኑን ሙሉ አስፋልትና ኮብልስቶን ላይ ጭነት መጎተታቸው ነው።

እዚህ ላይ ለጸሐፊው የምሰጠው አንድ ነገር አለ። መገጣጠሚያው የቆየ ጉዳት ያለበት፣ ዕድሜው የገፋ ፈረስ በብርድ ጠዋት ገትሮ እንደሚነሣና ሙቀት ሲያገኝ እንደሚፍታታ ማንም ያየው ነው። እንዲህ ላለው ፈረስ ንፋስ የማይገባበት ማደሪያ፣ በወገቡ ላይ ጣል የሚደረግ ብርድ ልብስና በሞቀ ጨርቅ ማሸት ይጠቅሙታል። ዛሬ ተሰናክሎ ዛሬ ያበጠ፣ ሲነኩት የሚፋጅ እግር ግን ሌላ ነገር ነው። ሙቀት የደም ሥሮችን ያሰፋል፤ ወደ ተጎዳው ቦታ የሚፈሰውን ያበዛል፤ እብጠቱና ሕመሙም ይጨምራል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት የሚያስፈልገው ተቃራኒው ነው፤ ንጹሕ ቀዝቃዛ ውሃ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ማፍሰስ፣ ይህንንም በቀን ሦስት አራት ጊዜ መደጋገም። ቁስል ያለበትን እግር ግን የፋብሪካ ፍሳሽ በሚገባባቸው ወንዞች ውስጥ ማቆም አይገባም፤ የቧንቧ ውሃ በባልዲ ይበቃል። ላምባውና የተቃጠለው ዘይት ቆዳውን ያቃጥላሉ፤ ቆዳው ሲያኩረፈርፍና ሲላጥ ባለቤቱ በሽታው የወጣለት ይመስለዋል፤ በእርግጥ የተገኘው ግን ቀድሞ ያልነበረ ሁለተኛ ቁስል ነው።

“የቆመ ፈረስ እግሩ ይደርቃል” የሚለው ምክር በከፊል እውነት ስለሆነ ይበልጥ ያሳስበኛል። ጸሐፊው ሌሊት ታስሮ አድሮ ጠዋት እግሩ ያበጠ ፈረስ ጋሪ ሲስብ እብጠቱ ሲጎድል አይተዋል ብዬ እገምታለሁ። እንዲህ ያለው እብጠት መኖሩ የታወቀ ነው። ብዙውን ጊዜ በሁለቱም የኋላ እግሮች ላይ ይታያል፤ ቀዝቃዛ ነው፤ ሲጫኑት አያምም፤ ፈረሱም አያነክስም። ፈረስ ከጉልበቱና ከቋንጃው በታች ፈሳሽን ወደ ላይ የሚገፋ ጡንቻ ስለሌለው እንቅስቃሴ ሲያጣ ፈሳሹ ይወርዳል፤ ሲራመድ ይመለሳል። ለዚህ ፈረስ መራመድ መድኃኒት ነው፤ ማደሪያውንም ሰፋ ማድረግና ገመዱን ማርዘም ይጠቅመዋል።

ከዚህ አንድ ዓይነት ተነሥቶ ለሁሉም ሕግ ማውጣት ግን አይቻልም። በአንድ እግር ብቻ፣ በድንገት የመጣ፣ የሚሞቅና የሚያም እብጠት ሥራን ወዲያውኑ ማቆም ይጠይቃል። የፈረስ ክብደት ከግማሽ በላዩ፣ 60 በመቶ ያህሉ፣ የሚያርፈው በፊት እግሮቹ ላይ ነው፤ የተጎዳ የፊት እግር ላይ ጭነት ሲጨመር የላላው ጅማት ይበጠሳል፣ የሳሳው ልም አጥንት ይፈረፈራል። ልም አጥንት የራሱ የደም ሥር ስለሌለው አንዴ ከተበላ እንደ ቆዳ መልሶ አይሞላም። የተበጠሰ ጅማትም የሚጠግነው በወራት እንጂ በቀናት አይደለም። በሌላ በኩል ዕረፍት ማለት ፈረሱን በአጭር ገመድ ከካስማ ጋር አስሮ ሳምንታት ማክረም አለመሆኑን ከጸሐፊው ጋር እስማማለሁ። ሙቀቱ ከበረደና ማንከሱ ከተሻለ በኋላ በደልዳላ መሬት ላይ በእጅ ይዞ አሥር ደቂቃ ያህል በማራመድ ይጀመራል፤ ማነከሱ ካልተመለሰ ቀስ በቀስ ይጨመራል፤ ጋሪው የመጨረሻው ነው፤ እርሱም በግማሽ ጭነት። ሥራ የፈታ ፈረስ ገብሱ ይቀነስለት፣ ድርቆሹ ይጨመርለት፤ የሥራ ቀኑን ያህል ገብስ እየበላ የሚቆም ፈረስ ሰኮናው ውስጥ ሌላ ሕመም ያመጣል።

አሁን ይህን ምላሽ እንድጽፍ ወዳስገደደኝ ነጥብ ልምጣ፤ መብጣትና መተኮስ። ከላይ የጠቀስኩት ባለጋሪ ያመጣው ፈረስ ዳማ ነበር። የግራ የኋላ እግሩ ቁርጭምጭሚት ዙሪያውን በብረት ተሰምሯል፤ መስመሮቹ ገና እርጥብ ነበሩ፤ ጠጉሩ እነርሱን ተከትሎ ተቃጥሏል። ከመስመሮቹ በታች የምላጭ ቀዳዳ ነበረ፤ ከቀዳዳውም ቢጫ ቀለም ያለው፣ እንደ እንቁላል ውሃ የሚዝለገለግ ፈሳሽ ቀስ እያለ ይወርድ ነበር። እግሩን አንሥቶ የሰኮናውን ጫፍ ብቻ ነበር የሚያስነካው። ሰውየው ክፉው ውሃ እየወጣለት ነው ብሎ ተስፋ አድርጎ ነበር። የሚወጣው ግን ክፉ ውሃ አልነበረም፤ መገጣጠሚያውን የሚያለሰልሰውና ልም አጥንቱን የሚመግበው ፈሳሽ ነበር። በዚያው ቀዳዳ የምላጩና የበረቱ ቆሻሻ ወደ ውስጥ ገብቷል። ከመበጣቱ በፊት ፈረሱ ያነክስ ነበር እንጂ እግሩን ይረግጥ እንደነበር ባለቤቱ ራሱ ነግሮኛል። ፈረሱን ማትረፍ አልቻልንም።

ነገሩ እንዲህ የሚሆንበት ምክንያት ግልጽ ነው። የፈረስ ቁርጭምጭሚት ሥጋ የሌለበት ቦታ ስለሆነ ከቆዳው እስከ መገጣጠሚያው ያለው ርቀት እጅግ ቀጭን ነው፤ ምላጭ ብዙ መግባት አያስፈልገውም። ባክቴሪያ አንዴ ከገባ ሰውነቱ ለመከላከል የሚልካቸው ሕዋሳት የሚረጩት ኬሚካል ራሱ ልም አጥንቱን ይበላዋል። በጡንቻ የሚሰጥ መርፌ ብቻውን አይበቃም፤ መገጣጠሚያው በሐኪም እጅ፣ ከጀርም በጸዳ ብዙ የጨው ውሃ ውስጡ መታጠብ አለበት፤ ይህም በመጀመሪያው ቀን ሲሆን ተስፋው ሰፊ ነው፣ ከዚያ በኋላ በየሰዓቱ ይጠብባል። ስለዚህ መገጣጠሚያ አጠገብ በሽቦ፣ በቆርቆሮ ወይም በሚስማር የተወጋና የሚዝለገለግ ቢጫ ፈሳሽ የሚያወጣ ፈረስ ያለው ሰው ቁስሉ ትንሽ ነው ብሎ አንድ ሌሊት እንኳ ማሳደር የለበትም። ብድር ተበድሮም ቢሆን ወደ ሐኪም መሄድ የሚገባው ለዚህ ነው። እስከዚያው ንጹሕ ጨርቅ ይሸፈንበት፤ ዱቄትም፣ እበትም፣ ዘይትም አይነስነስበት።

ለመተኮስ የሚቀርበው መከራከሪያ “ስንት ፈረስ ተተኩሶ ድኗል” የሚል ነው፤ ጽሑፉም ምሳሌ ይጠቅሳል። ያዩትን አልክድም። መጠየቅ ያለበት ግን ያዳነው ብረቱ ነው ወይ የሚለው ነው። የተተኮሰ ፈረስ ቁስሉ እስኪሽር ኮርቻም ጋሪም አይጫንበትም፤ ሳይታሰብ የሳምንታት ዕረፍት ያገኛል፤ ወለምታ ደግሞ በዕረፍት ይድናል። ይህ ጥያቄ የኛ አገር ብቻ አልነበረም። በእንግሊዝ አገርም የእሽቅድምድም ፈረሶችን ጅማት በጋለ ብረት መተኮስ ለዘመናት የኖረ ልማድ ነበር። በብሪስቶል ዩኒቨርሲቲ ተመራምረው በ1983 እ.ኤ.አ. ውጤቱን ያወጡ የእንስሳት ሐኪሞች የተተኮሰው ጅማት ካልተተኮሰውና ዕረፍት ብቻ ካገኘው ተሽሎ እንዳልዳነ አረጋገጡ፤ የአገሪቱ የእንስሳት ሐኪሞች ሙያ ተቆጣጣሪ አካልም በ1991 እ.ኤ.አ. ድርጊቱን ከሙያ ሥነ ምግባር ውጪ አድርጎታል። ዕረፍቱን ያለ ብረት መስጠት እየተቻለ እንስሳን ማቃጠል ምን ይባላል?

በኛ አካባቢ ደግሞ ብረቱና ምላጩ የሚያመጡት ተጨማሪ አደጋ አለ። ኢፒዙቲክ ሊምፋንጃይተስ የተባለው በፈንገስ የሚመጣ የፈረስ በሽታ በኢትዮጵያ በጋሪ ፈረሶች ላይ በብዛት የሚታይ ሲሆን፣ ይበልጥ የሚበረታው ከ1,500 እስከ 2,300 ሜትር ከፍታ ባላቸው ሞቃትና እርጥበታማ ቦታዎች ነው፤ ኮምቦልቻ እዚያው መካከል ትገኛለች። በሽታው በእግር ላይ ተከታትለው የሚወጡ፣ ከዚያም የሚፈነዱና መግል የሚያወጡ እብጠቶችን ያመጣል፤ መገጣጠሚያንም ያሳብጣል። የሚገባው በቁስል በኩል ነው፤ የሚዛመተውም በዝንብ፣ በጋራ ጠፍርና ልጓም፣ እንዲሁም ከአንዱ ፈረስ ወደ ሌላው በሚሻገር ምላጭ ነው። አንድ ተኳሽ በአንድ ቀን ብዙ ፈረሶችን በአንድ ምላጭ ቢበጣ ለእያንዳንዱ ባለቤት የሚያስረክበው ይህንን በሽታ ሊሆን ይችላል። ገና በጅምሩ የተያዘ ፈረስ በባለሙያ ክትትል በአዮዲን ሊድን ይችላል፤ ከተስፋፋ በኋላ ግን በጣም ከባድ ነው። በዚህ በሽታ የተጠረጠረ ፈረስ ዕቃው ለብቻ ይሁን።

ወጌሻን በተመለከተ ጽሑፉ የጻፈውን ምስጋና እኔም እጋራለሁ። በእጃቸው ዳስሰው የአጥንትን ስብራት ከወለምታ የሚለዩ፣ እንስሳን ሳያስደነግጡ የሚይዙ ሰዎች አሉ፤ እኔም ከእነርሱ ተምሬአለሁ። የምቃወመው ምላጩንና ብረቱን ነው።

መርፌውም እንዲሁ ቀላል ነገር አይደለም። ከሰው መድኃኒት ቤት የሚገዛው ዲክሎፌናክ ሕመሙን ያስታግሳል፤ ፈረሱም በማግስቱ ቀጥ ብሎ ይሄዳል፤ ጸሐፊው ይህን ማየታቸው እውነት ነው። ነገር ግን ፈረሱ እግሩን አንሥቶ የያዘው መገጣጠሚያው እንዳይፈርስ ስለሚጠብቀው ነበር። ሕመሙን አጥፍቶ ጋሪ መጫን ማለት ያንን ጥበቃ አንሥቶ ጉዳቱ ላይ ማስሮጥ ማለት ነው። ከዚያም በላይ የዚህ ወገን መድኃኒቶች ሁሉ፣ ለፈረስ ተብሎ የተሠራው ፊኒልቡታዞን ሳይቀር፣ የጨጓራና የአንጀት ቁስል ያመጣሉ፤ ውሃ ተጠምቶ በላብ ለዋለ ፈረስ ደግሞ ኩላሊቱን ይጎዳሉ። ለፈረስ በተሠራው መድኃኒት ብልቃጥ ላይ የታተመው መጠን ብዙውን ጊዜ የሚታሰበው 500 ኪሎ ለሚመዝን የውጭ ፈረስ ነው፤ የኛ ፈረስ ከዚያ ግማሽ ያህሉን ነው የሚመዝነው። ሁለት ዓይነት ማስታገሻ አንድ ላይ መስጠት ይህንኑ ጉዳት ያብሰዋል፤ እብጠቱ ኢንፌክሽን መሆኑ ሳይጣራ ደክሳሜታዞን የተባለውን እብጠት የሚያበርድ መርፌ መውጋት ደግሞ የሰውነቱን መከላከያ አዳክሞ በሽታውን እንዲጋልብ መልቀቅ ነው። ሐኪም አይቶ፣ ክብደቱን ገምቶ፣ ለጥቂት ቀናት ከዕረፍት ጋር ካዘዘው ማስታገሻ ጠቃሚ ነው፤ ፈረስም ሕመም ሊበርድለት ይገባል።

ዲክሎፌናክን የምፈራበት ሌላም ምክንያት አለ። በደቡብ እስያ ይህ መድኃኒት የተሰጣቸውን ከብቶች ጥንብ የበሉ ጥንብ አንሳዎች ኩላሊታቸው እየተበላሸ በሚሊዮን አልቀዋል፤ ሕንድ ለእንስሳት እንዳይሰጥ የከለከለችው በ2006 እ.ኤ.አ. ነው። በኛ ከተሞች ዳርቻ የሞተን ፈረስ የሚያነሣልን ማን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን።

ሰኮናን ከመገጣጠሚያ የለየው አረፍተ ነገር በጽሑፉ ውስጥ አጭር ቢሆንም ብዙ ጉዳት ያለበት ነው፤ ምክንያቱም ባለቤቱ ያለ ገንዘብ ሊያስተካክለው የሚችለውን ዋናውን ነገር ከዓይኑ ያርቅበታል። ፈረስ መሬትን የሚረግጠው በሰኮናው ነው፤ ሰኮናው ወደ ፊት ከረዘመ ወይም በአንድ ጎኑ ከተበላ በላዩ ያሉት መገጣጠሚያዎች ሁሉ በየእርምጃው ይጣመማሉ። ሰኮና በወር አንድ ሴንቲሜትር ገደማ ስለሚያድግ በየስድስት እስከ ስምንት ሳምንቱ መስተካከል አለበት። በተጨማሪም እግሩ ያበጠ ፈረስ መጀመሪያ መታየት ያለበት ከታች ነው። ሰኮናውን አንሥቶ፣ ጭቃውን ጠርጎ፣ ሚስማር ወይም ጠጠር ተሰክቶ እንደሆነ ማየት፣ ሶሉን በትንሽ መዶሻ እየነኩ የሚደነግጥበትን ቦታ መፈለግ ያስፈልጋል። ቁርጭምጭሚቱ ያበጠ ተብሎ ጨው የታሰረለት ፈረስ ሰኮናው ውስጥ መግል ይዞ የተገኘበት ጊዜ ጥቂት አይደለም፤ መግሉ በባለሙያ ሲወጣ እብጠቱ በራሱ ይጎድላል። ሚስማር የወጋው ፈረስ የመንጋጋ ቆልፍ መከላከያ እንዲያገኝ ለሐኪሙ መንገር አይረሳ፤ ፈረስ በዚህ በሽታ ከሌሎች እንስሳት ሁሉ ቀድሞ የሚጠቃ ነው።

ጋሪውም እንደ ሰኮናው ነው። ጭነቱ ወደ ፊት ካመዘነ የፊት እግር ይቀበለዋል፤ የጎማው ነፋስ ከጎደለ ፈረሱን ይበልጥ ይከብደዋል። ፍሬን የሌለው ጋሪ ቁልቁለት ሲወርድ የሚያቆመው የፈረሱ ቋንጃ ነው፤ በደሴ ቁልቁለቶች ጭነት ይዞ ለሚወርድ ፈረስ ቋንጃው ማበጡ ሊያስገርም አይገባም። ቁልቁለት ላይ ጭነቱን ከፍሎ ማመላለስ ጊዜ ይወስዳል፤ ፈረሱን ግን ያቆያል።

ጽሑፉ ያላነሣው አንድ ጉዳይ አለ፤ ውርንጭላ። በተወለደ በቀናት ወይም በሳምንታት ውስጥ መገጣጠሚያው ያበጠና ያነከሰ ውርንጭላ እናቱ ረግጣው ነው ተብሎ ይተዋል። ብዙውን ጊዜ ግን በእትብቱ በኩል የገባ ባክቴሪያ በደም ተጉዞ መገጣጠሚያው ላይ ማረፉ ነው፤ በዚያው ቀን ካልታከመ ይሞታል ወይም ሽባ ሆኖ ይቀራል። መከላከያው በጣም ርካሽ ነው፤ እንደተወለደ እትብቱን አዮዲን ማስነካትና በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት እንገሩን ጠግቦ መጥባቱን ማረጋገጥ።

የቀረው የመጨረሻው ምክር ነው፤ አልድን ያለውን መልቀቅ። እዚህ ላይ ጸሐፊውን በግልጽ እቃወማለሁ። ቁርጭምጭሚቱ ላይ ቀዝቃዛ፣ ለስላሳ፣ የማያም እብጠት ይዞ የማያነክስ ፈረስ ብዙ ነው፤ መልኩ አያምርም እንጂ ተመጥኖ ከተጫነ ዓመታት ይሠራል። ይህ ፈረስ “አልዳነም” ተብሎ ቢለቀቅ የተለቀቀው ጤነኛ ፈረስ ነው። መገጣጠሚያው ያረጀና ገትሮ የሚነሣ ፈረስ ደግሞ ከጋሪ ወርዶ ወደ ገጠር ዘመድ ቢላክ፣ ለስላሳ መሬት ላይ ቢሰማራ፣ ቀላል ሥራ ሊሠራና ባዝራም ከሆነች ልትወልድ ትችላለች። ከሁለቱም የማይሆን፣ መቆም ያቃተው፣ ሌሊት ተኝቶ መነሣት የማይችል ፈረስ እንዳለ አልክድም። እርሱ ግን ቤተሰቡን ዓመታት የመገበ እንስሳ ነው። በአስፋልት ዳር ተለቅቆ መኪና እስኪገጨው ወይም በሕይወት እያለ ጅብ እስኪጀምረው ድረስ መጠበቅ የለበትም፤ በሐኪም መርፌ ያለ ስቃይ እንዲያልፍ ማድረግ ይቻላል። እንዲህ ያለ ፈረስ ያለው ሰው ወደ ወረዳው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ቢመጣ የሚወቅሰው የለም።

ጽሑፉን ላዘጋጁት ሰው አንድ ልመና አለኝ። ስለ ማደሪያ፣ ስለ ብርድ ልብስ፣ በሥራ የዛለ ፈረስን ስለ ማሸት የጻፉት ይቆይ፤ ባለጋሪው ያነበዋል፣ ይጠቅመዋልም። ምላጩንና የጋለውን ብረት የሚያዙትን ሁለት አንቀጾች ግን አውጥተው፣ በምትካቸው ሰኮናን አንሥቶ ማየትንና በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ቀዝቃዛ ውሃ ማፍሰስን ጽፈው፣ የታረመውን ቀድሞ በደረሰበት መንገድ ሁሉ መልሰው ይላኩት።